ከግድቡ ሥር የሚጎተት ገመድ

ማክሬ፣ ሜይ 12

ወንድሜ ኤሚል፣

ካርድህ ደርሶኛል፤ አበባውም ደርሷል። መልስ ያዘገየሁት ችላ ብዬህ አይደለም። የምጽፈው ነገር እስኪኖረኝ እየጠበቅሁ ነበር፤ አሁንም የለኝም። ስልክ ብደውል አትሰማኝም፤ ጆሮህ ከሳንባህ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ስለዚህ በወረቀት እንነጋገር። የበረሃው አየር ሳልህን ካስታገሠልህ እሱም አንድ ነገር ነው።

ለጠየቅኸኝ፣ አላገኙትም። ጀልባዋን ከግድቡ በታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ፣ የወደቀ ዛፍ ይዟት አገኟት። ሞተሯ ደህና ነው፤ መቅዘፊያው እንኳ በቦታው አለ። ባሌ ዴል ብቻ የለም። ጠላቂዎቹ ጎርፉ እስኪቀንስ ጠብቀው ደግመው ገቡ፤ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ቄሱ «ባዶ ሣጥንም ቢሆን ብንቀብር ልብሽ ያርፋል» አሉኝ። «ባዶ ሣጥን አልቀብርም» አልኳቸው። አልተቀየሙኝም።

እንዴት እንደሆነ ደጋግመህ ትጠይቃለህ፤ ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። ጎርፉ ከቤታችን ፊት ያለውን የጀልባ መቆሚያ በርሜሎች ወሰዳቸው፤ ዴል ሊይዛቸው ወጣ። ቤታችን ከግድቡ በላይ ነው፤ እሱ ግን ከግድቡ በታች ቀረ። ሌላ የሚነገር የለም።

ወደ በረኛነቴ ተመልሻለሁ። የድንጋይ ከሰል የሚጭኑት ጀልባዎች ከቀሩ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ የማክሬን የውኃ በር፣ ገንዳው እየተሞላና እየፈሰሰ ጀልባ ግድቡን የሚያሻግረውን፣ የሚያስከፍተው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ እሱንም እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት። የምናሳልፈው የሽርሽር ጀልባ ብቻ ሆኗል። ባለፈው ቅዳሜ የጀልባ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ያ ጡረተኛው የጥርስ ሐኪም ሃጋርቲ፣ ፊርማ አሰባስቦ መጣ። በሩ እስኪጨልም ክፍት እንዲሆን ይፈልጋሉ።

«ቬርና፣ ቅዳሜ ሰው ከእንቅልፉ የሚነሣው በስድስት ሰዓት ነው» አለኝ። «ጀልባውን ውኃ ላይ አውርዶ፣ ቢራውን በረዶ ውስጥ ቀብሮ፣ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶና ታርቆ ሲጨርስ አንቺ ዘግተሽ ሄደሻል።»

«ጥሉን አሳጥሩት።»

«የኔን ሚስት አታውቂያትም ማለት ነው!»

መሥሪያ ቤቱ የሚፈቅደው በረኛዋ እችላለሁ ካለች ብቻ ነው። እችላለሁ አልኩት። ለሃጋርቲ ብዬ እንዳይመስልህ። ምክንያቱን በሌላ ደብዳቤ እነግርሃለሁ፤ አሁን ብነግርህ ትቆጣለህ።

እህትህ ቬርና


ቱሳን፣ ሜይ 31

እህቴ ቬርኒ፣

አልተቆጣሁም፤ ደንግጬ ነው። ሁለተኛውን ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ከቤት ወጥቼ ትንሽ ተራመድኩ። እዚህ ወንዝ የሚሉት አሸዋ ነው፤ ድልድይ ግን ሠርተውለታል። ድልድዩ ላይ ቆሜ አሰብኩበት።

ባንቺ አነጋገር፣ ዴል ከጠፋ ወዲህ በሩን ከዘጋሽ በኋላ ጠርገሽና ዕቃሽን ሰብስበሽ ሲመሽ፣ ብርሃኑ ከውኃው ላይ ሊነሣ ሲል ደወሉ ይጮኻል። ክላክስ የሌላቸው ትንንሽ ጀልባዎች ከታችኛው ግንብ የሚጎትቱት ገመድ ይጎተታል፤ ወጥተሽ ስታዪ ከታች ማንም የለም። በእኔ ጊዜም እንዲህ ይደረግ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ይደረግ ነበር። ግንድ ገመዱን ይይዘዋል፤ አይጥ ሽቦውን ትበላዋለች፤ ዝናብ ሲበዛ ደወሉ ያለ ምክንያት ይጮኻል። ማክሬ ላይ ስሠራም፣ በኋላ ከማክሬ በላይ ባለው ሃርላን በር ሲመድቡኝም አይቼዋለሁ። ሃርላን ሲቀር እኔ ራሴ ለመጨረሻ ጊዜ ቆልፌው ስወጣ እንኳ ደወሉ አንዴ ጮኾብኛል። ገመዱን ቀይሪው።

ሁለቴ ተጎትቶ፣ ጥቂት ቆይቶ አንዴ መጎተቱን ግን ዳግመኛ አትጻፊልኝ። ዴል እንዲያ ይጎትት እንደነበር አውቃለሁ። «አንዴ መጎተት ልመና ነው፣ ሁለቴ ትእዛዝ ነው፣ ሦስተኛው ይቅርታ ነው» ይል ነበር። ቀልዱ ነው። ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ማንም ሊቀልድበት ይችላል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለሃጋርቲ የሰጠሽውን ቃል መልሰሽ ውሰጂ። ከታች ያለው ማንም ይሁን ማን ታች ይቆይ። ቤትሽ በየትኛው በኩል እንደሆነ አስቢ።

የጓዳውን ክፍል ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ አልጋም ገዝቻለሁ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ነይና ክረምቱን ከእኔ ጋር ክረሚ፤ ከወደድሽው ደግሞ ቅሪ። ከአባታችን ቤተሰብ የቀረነው ሁለት ነን።

ኤሚል


ማክሬ፣ ጁን 19

ወንድሜ ኤሚል፣

ስለ አልጋው እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሳልል ወደ ሌላው ባልፍ ይከፋሃል።

ገመዱን አልቀየርኩትም፤ ፈታሁት። አሁን በክፍሌ ጥግ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ደርቋል። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብለህ ትጠይቃለህ፤ ደወሉ በዚያው ሰዓት ጮኸ። በማግሥቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠራሁ። ስታንኮ የሚባለው ነው፤ አባቱን ታውቀዋለህ። ሽቦውን ከሥሩ ነቀለው።

«አሁን ከጮኸ ሥራዬን እለቃለሁ» አለኝ።

«ቆይና አብረን እንይ» አልኩት።

ቆየ። ሥራውን አልለቀቀም። የመሣሪያ ሣጥኑን ግን ክፍሌ ውስጥ ትቶ ሄደ፤ እስካሁን ሊወስደው አልመጣም። ዓርብ ዕለት መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ተሻገረ።

በሩን ለምን እስካሁን እንዳልከፈትኩለት ብትጠይቀኝ፣ የአባታችን ልጅ ስለሆንኩ ነው። ከሰዓት ውጭ በር አይከፈትም። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ገንዳውን ብሞላው መሥሪያ ቤቱ ያውቃል፤ ባያውቅም እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ከግንቡ ጫፍ ቆሜ እጠብቃለሁ። ደወሉ ይጮኻል፣ ያቆማል፣ ጨለማው ይገባል፣ እኔም ወደ ቤቴ እነዳለሁ። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ አልፈኸው ራት በልተህ ታውቃለህ?

ስለ ሰዓቱ የተጠራው ስብሰባ የተደረገው በእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ ነው፤ ከዓርቡ የዓሣ ጥብስ በኋላ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ወጣት ትህትና ያለው ልጅ ነው። «የበረኛዋን ሐሳብ ብንሰማ» አለ። ሃጋርቲ በክርኑ ጎሸመኝ። ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦ ሰው ቀኑን ውኃ ላይ ውሎ ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ከግንቡ ሥር ታስሮ ያድራል። ቤቱ ከግድቡ ማዶ ይታየዋል፤ መብራቱም ይታየዋል፤ መግባት ግን አይችልም። ይህ ልክ አይደለም።

አጨበጨቡ። የሃጋርቲ ሚስት አለቀሰች። ማናቸውም ስለ ማን እንደምናገር አልጠየቁኝም።

ትናንት ፈቃዱ መጣ። ከጁላይ ጀምሮ እስከ በጋው ማብቂያ፣ ቅዳሜና እሑድ እስኪጨልም።

አትቆጣኝ።

ቬርና


ቱሳን፣ ጁላይ 3

ቬርኒ፣

በአጭሩ እመልሳለሁ፤ ሙቀቱ አያስቀምጥም።

በረኛ በሰዓቱ የጠየቀውን ጀልባ መከልከል ይችል እንደሆነ ጠይቀሽኛል። መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አባታችን ለሁለታችንም በአንድ ቀን ነው የነገረን። በሰዓቱ የጠራ ይገባል። ምን እንደጫነ አይጠየቅም፤ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም። ቀድሞ የጠራ ቀድሞ ያልፋል፤ ሰካራምም ይሁን ዳኛ። ሰውየውን ብትጠዪውም ገመድ ትወረውሪለታለሽ።

ለዚህ ነው ሰዓቱን አታስረዝሚ ብዬ የለመንኩሽ። በሩ በአሥር ሰዓት ሲዘጋ ሰበብ ነበረሽ። «ሰዓት አልፏል» ብሎ መቆም ይቻል ነበር። አሁን በሰዓትሽ ይጠራሻል፤ አንቺም በሰዓትሽ የጠራሽን አትመልሺም። እኔም ብሆን አልመልስም።

ሌላ በረኛ ይተካሽ። ታምሜአለሁ በያቸው። ክፍሉ ዝግጁ ነው፤ መጋረጃ ሰቅዬለታለሁ።

ኤሚል


ማክሬ፣ ጁላይ 24

ወንድሜ ኤሚል፣

ሁለት ደብዳቤ ልከህ መልስ ስላጣህ ይቅርታ። ጤነኛ ነኝ። ከሥራም አልተባረርኩም። ሃጋርቲ የጻፈልህን አንብበህ ተጨንቀሃል፤ እሱ የጻፈው እውነት ነው፤ ግን የሚያውቀው ግማሹን ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ነው። ጸሐይ ጠልቃለች፤ ሰማዩ ግን ገና ብርሃን አለው። ቀኑን ሙሉ ጀልባ ሳሳልፍ ውያለሁ። ጠፍጣፋዎቹ ጀልባዎች ሙዚቃቸውን ከፍተው፣ ልጆቻቸውን ብርቱካናማ መንሳፈፊያ አልብሰው ይመጣሉ፤ ሳንድዊች ይወረውሩልኛል። ደስ ይላል፤ ብታየው ትወደው ነበር። ከዚያ ሁሉም ሄዱና ጸጥ አለ። ደወሉ ጮኸ። ያለ ገመድ፣ ያለ ሽቦ።

ወደ መቆጣጠሪያው ልሄድ ስነሣ ከላይ በኩል የሃጋርቲ ክላክስ ተሰማ። እሱ ከነሚስቱ ወደ ታች መውረድ ፈልጓል። ገንዳው ሙሉ ነበር፤ የላይኛውን በር ከፍቼ ላስገባው እችል ነበር። ማንም ሌላ ሰው እንዲያ ያደርግ ነበር። ግን የታችኛው ቀድሞ ጠርቷል። ገንዳውን ባዶ አደረግሁ።

ሃጋርቲ ሲጠብቅ ሞተሩ ጠፋበት። ውኃው ወደ ግድቡ ወሰደው። ሚስቱ ስትጮህ ሰምቼአለሁ፤ ከመቆጣጠሪያው ግን እጄን ማንሣት አልቻልኩም፤ አልዋሽህም፣ ዞርም አላልኩ። ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ደርሰው ከግድቡ ፊት ከተዘረጋው ተንሳፋፊ ሰንሰለት አጠገብ ጎትተው አወጧቸው። የተጎዳ የለም።

በኋላ ሃጋርቲ ክፍሌ ድረስ መጣ። ጫማው ውኃ ይተፋል።

«ከኔ በፊት ማን ነበር?»

«አንድ ትንሽ ጀልባ።»

«ከታች ጀልባ አላየሁም።»

«አንተ ጥርስ ነበር የምታየው።»

አልሳቀም። ጫማውን አውልቆ ውኃውን ደፋና፣ «ቬርና፣ ጀልባ የሌለበትን ገንዳ ገመድ ብቻ ይዘሽ ስትሞዪው አይቼሻለሁ» አለኝ። ለመሥሪያ ቤቱ ግን አልከሰሰኝም። ሚስቱ ልትከስ ነበር፤ እሱ ነው ያስቆማት።

እንግዲህ የጠየቅኸኝ እሱን ነው። አዎ፣ ከፈትኩለት። የታችኛውን በር ከፍቼ እንደ ማንኛውም ሰው ጠበቅሁት። ከዚያ ገመድ ወረወርኩ። ገመዱ እንደ ትንሽ ጀልባ ገመድ ተወጠረ። የታችኛውን በር ዘግቼ ውኃውን ለቀቅሁ፤ ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር የላላውን ሰበሰብኩ። ገመዱ ከእጄ ሊያመልጥ አልታገለም፤ የሚያውቅ ሰው ይዞት ነበር። ወደ ገንዳው ግን አላየሁም። ውኃው ሲስተካከል የላይኛውን በር ከፈትኩ። ገመዱ ላላ። ስጎትተው ጫፉ ሞቅ ያለ ነበር።

ወደ ቤት እየበረርኩ ነዳሁ። የጀልባ መቆሚያውን መብራት አበራሁ፤ ፒሮጊ፣ ያን ድንች የተሞላ ሊጥ፣ ቀቀልኩ፤ ሽንኩርቱን እሱ እንደሚወደው እስኪጠቁር ጠበስኩት። የተረፈውን በሌላ ጊዜ።

ቬርና


ቱሳን፣ ኦገስት 9

እህቴ ቬርኒ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰ፤ ያቺ በአንዲት ወረቀት የጻፍሻት። እስኪነጋ መቆሚያው ላይ ተቀምጠሽ እንዳልመጣ ጽፈሻል። የአንድ ትንሽ ጀልባ ማዕበል የመቆሚያውን እንጨት መታው፣ አለፈ፣ ወደ ላይ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህም ማክሬ ላይ ደወል የለም ብለሻል። «ቤቱን አልፎ ሄደ፣ አየኝና አለፈኝ» የሚለውን ካነበብኩ በኋላ መነጽሬን አወለቅሁ።

ወዴት ሊሄድ ይችላል ብለሽ ጠይቀሽኛል። አውቃለሁ። ይህን ልጽፍልሽ አልፈልግም ነበር።

ጎረቤቴን ወይዘሮ ኦቾዋን አታውቂያትም። ጥሩ ሴት ናት፤ በስፓንኛዋ ዶን ኤሚሊዮ ትለኛለች፤ እሑድ እሑድ ሾርባ ታመጣልኛለች። ባለፈው እሑድ ያለ ሾርባ መጣች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋት።

«ዶን ኤሚሊዮ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ግን ያ ደወል ይበቃል!»

«የምን ደወል?»

«ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ትንሽ ሸለብ ሊያደርገው ሲል! ሁለቴ፣ ከዚያ ቆም ብሎ አንዴ። ውሻው አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣ አለ። እርስዎ አይሰሙትም፣ እኛ ግን እንሰማለን!»

ቬርኒ፣ ሃርላንን ስዘጋ ደወሉን ፈትቼ ይዤው መጥቻለሁ። ማስታወሻ ይሆነኛል ብዬ ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም። መደርደሪያዬ ላይ ነው ያለው፤ ከጌጥነት በቀር ጥቅም የለውም። ትናንት ከሰዓት በኋላ እጄን ጭኜበት ተቀመጥኩ። እዚህ ጸሐይዋ ገና ከፍ ብላለች፤ እናንተ ዘንድ ግን እየመሸ ነው። ተንቀጠቀጠ። እንደ ወፍ ነው፣ እጅ ውስጥ እንዳለች ወፍ። ሁለቴ። ከዚያ አንዴ።

ዴል ከሃርላን ግንብ ሥር ቆሟል። የሚጠራውም እኔን ነው። የመጨረሻው በረኛ እኔ ነኝ፤ ቦታዬን የተረከበ ሰው የለም። ሃርላን ደግሞ የመዝጊያ ሰዓት የለውም፤ ስዘጋው ማንም ሰዓት አላወጣለትም። ሰበብ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ዓርብ በባቡር እነሣለሁ። ሐኪሜ አይሆንም ብሏል፤ ሳንባዬን እሱ አያውቅልኝም። ሃጋርቲን አነጋግሪው፤ የማኅበሩ ሰዎች የሃርላንን በር ሊጎበኙ ይፈልጋሉ ብሎ ለአንድ ምሽት ፈቃድ ያውጣልን። ብዙ ቅባት ግዢ። በሮቹ ዝገዋል፤ መዘውሩ ግን በእጅ ይዞራል።

ቤትሽን ማለፉን በክፉ አትመልከቺው። ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ወደ ላይ ይሄዳል። ከሃርላን በላይ በር የለም።

ስንጨርስ አብረሽኝ ትመለሻለሽ። ለሁለታችን ትኬት ቆርጫለሁ።

ኤሚል


ማክሬ፣ ሴፕቴምበር 15

ወንድሜ ኤሚል፣

በሰላም መግባትህን ወይዘሮ ኦቾዋ ስለጻፈችልኝ ምስጋናዬን አድርስልኝ። ሳልህ እንደበረታ እሷው ነች የነገረችኝ፤ አንተ ደብቀኸኛል። ከሁለተኛው ትኬት ጋር ብቻህን ስለሸኘሁህ ይቅርታ።

ሃርላን ደህና ነው። ዴልን ባሳለፍንበት ማግሥት ከመሥሪያ ቤቱ ያ ወጣት ሄዶ አይቶታል። ወዲያው ሃጋርቲ ዘንድ ደውሎ፣ ሃጋርቲም እኔ ዘንድ መጣ።

«ቬርና፣ የሃርላንን የላይኛውን በር ማን ነው ክፍት የተወው?»

«እኔ ነኝ።»

«ረስተሽው ነው በያቸው።»

«በረኛ በር አይረሳም።»

ተመለከተኝ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ብዙ አይጠይቀኝም፤ ጀልባውን ሳሳልፍለት ባርኔጣውን ያወልቃል። ሚስቱ ደግሞ ኬክ ላከችልኝ።

የሚመጣው በጋ ነገር አሁን ይወሰናል። የማኅበሩ ሰዎች ማክሬ እስኪጨልም ይከፈት ብለው ደግመው ጠይቀዋል፤ ሃርላንንም ጨምረውበታል። መሥሪያ ቤቱ ለሁለቱም አንድ በረኛ ከተገኘ እሺ ብሏል። ትናንት ፈርሜያለሁ።

ሌላው ጥያቄህ ይቀራል። ከላይኛው በር ሲወጣ ምን እንዳልኩት ማወቅ ፈልገሃል። አንተ ከታች መዘውሩን ይዘህ ነበር፤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ብቻ አይተሃል። ስሙን ጠርቼው፣ ደህና ሁን ብዬው እንደሆነ ገምተሃል። እንዲያ መስሎህ ልብህ አርፎ ከሆነ አዝናለሁ።

ስሙን አልጠራሁትም። ቤታችንን ለምን እንዳለፈም አልጠየቅሁትም። ሲመሽ ወደ ላይ የሚያልፍ ባለ ሽርሽር ጀልባ ሁሉ የሚጠየቀውን ነው የጠየቅሁት፤ አባታችን ይጠይቀው የነበረውን፣ አንተም ስትጠይቀው የኖርከውን፦ «ትመለሳለህ ወይስ ልዝጋ?»

የመለሰልኝን አልጽፍልህም። የጓዳውን ክፍል ግን ለሚከራይ ስጠው።

እህትህ ቬርና